ለሰርኩላር ማሽን ማራዘሚያ ጠረጴዛ ልሠራ ነው፤ የኋላው ይቅደም ወይስ የጎኑ?

ሞራሌ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ ቁም ሳጥንና የኩሽና ካቢኔት ነው። ሰርኩላሯ (ከጠረጴዛ መሀል ክብ መጋዝ የሚወጣባት መሰንጠቂያ) 10 ኢንች ዲስክ የምትይዝ፣ ጠረጴዛዋ የጊዛ ብረት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ) የሆነ፣ ጉልበት ያላት ማሽን ናት። የምቸገረው ሙሉ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ገበታ) ስሰነጥቅ ነው። 122 በ244 ሳንቲም ነው፤ ክብደቱም 40 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከግማሽ እንዳለፈ ፊቱ ወደ ኋላ ይደፋል። ረዳቴ ከማሽኑ ጀርባ ቆሞ ይቀበለኛል፤ ግን እየሳበ ስለሚቀበል ጠርዙ ላይ የተቃጠለ ጥቁር መስመር ይቀራል፣ ማሽኗም ስታቃስት ይሰማኛል።

ስለዚህ ማራዘሚያ ልሠራላት ቆርጫለሁ። ክፍሉ 4 በ6 ሜትር ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሥራት አልችልም። የቀኝ ጎኑን ላስቀድም ወይስ የኋላውን? በእንጨት ይሻላል ወይስ በአንጎላሬ (በኤል ቅርጽ ብረት) ላስበይደው? ማሽኗ ላይ ይታሰር ወይስ በራሱ እግር ይቁም? የሠራችሁ ሰዎች እንዴት እንደሠራችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ስኳድራ (አዲስ አበባ)

የኋላው ይቅደም ልጄ። ጎኑ ሊቆይ ይችላል፤ የኋላው ግን የእጅህ ጉዳይ ነው።

በልክ ላስረዳህ። እንዳንተ ባሉ ማሽኖች ከዲስኩ ኋላ የሚተርፈው ጠረጴዛ ቢበዛ 30 ሳንቲም ቢሆን ነው። የኤምዲኤፉ የክብደት መሀል ያለው 122 ሳንቲም ላይ ነው። ይህ መሀል የጠረጴዛውን የኋላ ጠርዝ የሚያልፈው መቁረጡ ሲያልቅ አይደለም፤ ገና 90 ሳንቲም ያህል ሲቀርህ ነው። ከዚያ በኋላ ፊቱ ይወርዳል፣ አንተ የያዝከው ጫፍ ይነሳል። ጫፉ ሲነሳ ማንም ሰው ሳያስብ በመዳፉ ወደ ታች ይጫነዋል። እየተጫነም መግፋቱን ይቀጥላል፤ መዳፉም እየገፋ ወደ ዲስኩ ይጠጋል።

ሌላም አለ። የዲስኩ የፊት ጥርሶች ወደ ታች ይቆርጣሉ፣ የኋላዎቹ ግን ወደ ላይ ይወጣሉ። እንጨቱ ከኋላ በኩል ከተነሳ ወይም ከተጣመመ እነዚያ ጥርሶች ያነሱትና ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። 10 ኢንች ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 40 ኪሎ ጣውላ በዚህ ጉልበት ሆድህን ቢመታህ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትህም።

ረዳትህ ከዛሬ ጀምሮ አይሳብ። የምታየው ጥቁር መስመር የመጣው ከሱ ነው፤ ወደ ጎን ትንሽ እንኳ ሲስበው እንጨቱ ዲስኩን ይቆነጥጠዋል። መዳፉን ከሥር ዘርግቶ ክብደቱን ብቻ ይሸከም። መግፋቱም መምራቱም ያንድ ሰው ሥራ ነው፣ ያንተ። ጠረጴዛው ሲሠራ ደግሞ ረዳቱ ለሌላ ሥራ ይተርፍልሃል።

ርዝመቱን ከማሽኑ ጠርዝ ጀምረህ ከ100 እስከ 120 ሳንቲም አድርገው። 100 እንኳ ብታደርገው ከዲስኩ 130 ሳንቲም ይሆናል፤ ሙሉው ኤምዲኤፍ ተቆርጦ ሲያልቅ የክብደቱ መሀል ጠረጴዛው ላይ ስለሚቀር ማንም ሳይይዘው ይተኛል።

ምላጭ (ሐዋሳ)

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። በአሠራሩ ላይ ግን የኔን ልጨምር። በቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ፣ አራት ማዕዘን ብረት) ፍሬም በይደህ፣ ላዩ ላይ ባለ ኩሽኔታ ሮለር (በቦል ቤሪንግ የሚሽከረከር ዘንግ) ብትደረድርበት አገፋፉ በጣም ይቀልሃል። እኛ ሰፈር ብረት በያጅ በአንድ ቀን ይሠራልሃል። እንጨት ግን ይጎብጣል፣ እርጥበት ይጠጣል፣ ከዓመት በኋላ እንደገና ማስተካከል ነው።

ዋንዛ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ ምላጭ፣ ፍሬሙን በብረት ማድረግህን እደግፋለሁ። ሮለሩን ግን ለሰርኩላር ኋላ አልመክርም። ሮለር እንጨቱን ዝም ብሎ አይሸከምም፣ ይመራዋል። አንዱ እንኳ ከዲስኩ መስመር ጋር ትክክለኛ ማዕዘን ሳይሠራ ቢገጠም፣ እንጨቱን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይወስደዋል። ያ ማለት ጋሼ ስኳድራ ስለ ረዳቱ የተናገሩት ጉዳት ራሱ ነው፤ የሚስበው ሰው ሳይሆን ብረት መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። በዚያ ላይ የቀጭን እንጨት ጫፍ በሁለት ሮለሮች መካከል ይወርድና ይደነቀራል። ለስላሳ ገበታ ይሻላል። ፎርማይካ (ስስ፣ ለስላሳ ልባጭ) ለብሶ ሰም ከተቀባ ለመግፋት ምንም አይከብድም።

እንጨት ይጎብጣል ያልከው አንድ ወፍራም ጣውላ ብቻ ከሆነ እውነት ነው። እኔ የምሠራው ግን ባዶ ሣጥን ነው። ከላይና ከታች ባለ 9 ሚሊ ኮምፐርሳቶ (ፕላይውድ)፣ በመሀላቸው 18 ሚሊ ውፍረትና 6 ሳንቲም ቁመት ያላቸው ዘንጎች፣ በየ20 ሳንቲሙ አግድምና ቁም እየተጠላለፉ። ሁሉም በኮላ ተጣብቆ ሲደርቅ ክብደቱ ቀላል፣ ጥንካሬው ግን ከጠንካራ ጣውላ የሚበልጥ ገበታ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአንድ ገበታ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ላለመጉበጥ ያለው አቅም ስምንት እጥፍ ይሆናል። ክብደት ሳትጨምር ውፍረት የምትጨምረው በዚህ ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ በጣም ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ኮላው ሲደርቅ ገበታው የተኛበትን ቦታ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። የተኛበት መሬት ጠማማ ከሆነ ጠማማ ሆኖ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቃናው የለም። ስለዚህ ሁለት ቀጥ ያሉ ቱቦላሬዎች ዘርግታችሁ፣ በውሃ ልክም በሲባጎም አይታችሁ፣ በነሱ ላይ አጣብቁት። ሲባጎውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ወጥሩ፤ መሀል ላይ ሲገናኙ ሳይገፋፉ መነካካት አለባቸው። ከላይ እኩል ክብደት ጫኑበትና እስከ ማግስቱ አትንኩት።

ፎርማይካውን ደግሞ ከሁለቱም በኩል ለጥፉ። ብዙ ሰው ከላይ ብቻ ይለጥፍና ክረምት ሲመጣ ገበታው እንደ ጀልባ ይጎብጣል። ያልተሸፈነው ወገን እርጥበት እየጠጣ ሲሰፋ የተሸፈነው አይሰፋም። ለታቹ ርካሽ ቀለም ያለው ቢሆን ግድ የለም። እኛ እዚህ ጣና ዳር ስለምንሠራ ይህን ጉዳይ በየሰኔው እናየዋለን። ኤምዲኤፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጠርዙን በቀጠነ ኮላ ሁለት ጊዜ ቀብታችሁ ዝጉት፤ ውኃ የሚገባው በጠርዙ ነው።

ጋራዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ወገኖች። እኔ ያለኝ ከባድ ማሽን አይደለም፤ ሰው ተሸክሞ የሚያዞረው፣ ሥራ ቦታ የሚወሰድ ዓይነት ነው። የምሠራውም ቅዳሜና እሑድ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ማሽን ላላችሁ አንድ ነገር ላሳስብ፤ ማራዘሚያውን ማሽኑ ላይ አትስቀሉት። ማሽኑ ራሱ ቀላል ስለሆነ፣ ጎኑ ወይም ኋላው ላይ አንድ ሜትር ገበታ አንጠልጥላችሁ 40 ኪሎ ስትጭኑበት ከነ መቆሚያው ይገለበጣል።

የኔ መፍትሔ ከማሽኑ የሚበልጥ የሥራ ጠረጴዛ ሠርቶ፣ ማሽኑን በተቆረጠለት ጉድጓድ ውስጥ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነበር። የማሽኑ ፊትና የጠረጴዛው ፊት እኩል ይሆናሉ፤ ግራውም ቀኙም ኋላውም በአንድ ጊዜ ማራዘሚያ ሆነ ማለት ነው። ሥሩ ፍሬን ያላቸው አራት ጎማዎች አሉት። ጉድጓዱን ስትቆርጡ ከማሽኑ ዙሪያ ጥቂት ሳንቲም ክፍት ተዉ፤ ሞተሩ አየር ይፈልጋል፣ ፍቅፋቂውም መውጫ ይፈልጋል።

ካነሳነው አይቀር አንድ ጥያቄ አለኝ። ማሽኑን ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሜ ልልክለት አስቤያለሁ። በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ 15 አምፒር ይላል። ይሠራለት ይሆን?

ቺንጋ (ደሴ)

ሞተር ጥገና ስለምሠራ ይህን እኔ ልመልስልህ ጋራዥ። ያንተ ዓይነቱ ጯሂ፣ ካርቦን ያለው ሞተር የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 50 ይሁን 60 ግድ የለውም። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግን የግድ ነው። 120 በ15 ሲባዛ 1,800 ዋት ነው፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባል። ስለዚህ 3,000 ዋት የሚችል ይኑረው፤ የዚህ ትራንስፎርመር ክብደት ግን ቀላል እንዳይመስልህ። ካርቦን የሌለው ከባድ ሞተር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በ60 ሄርዝ የተሠራ እዚህ በ50 ሲገባ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ አምስት ይሆናል፣ ይግላልም። እንደኔ ከሆነ እዚያው ሸጠህ ወንድምህ እዚህ በ220 የሚሠራ ይግዛበት።

ሞራሌ ይቅርታ፣ ወደ ጥያቄህ እንመለስ።

ሞራሌ (አዳማ)

ምንም አይደል፣ ሁሉም ይጠቅማል። የኋላው እንዲቀድም ወስኛለሁ፤ የእኅት ዋንዛንም ሣጥን ነው የምሠራው።

የቀረኝ አገጣጠሙ ነው። የሥራ ቤቴ ወለል ሲሚንቶ ቢሆንም እኩል አይደለም፤ ከማሽኗ ጀርባ ወደ በሩ ዘመም ይላል። ማሽኗንም አንዳንዴ ለረጅም ሞራሌ (ስሜን የወሰድኩበት አራት ማዕዘን እንጨት) ስል አዞራታለሁ። ሞተሯ ደግሞ ከኋላ ተንጠልጥሎ ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ በቺንጋ (በሞተር ቀበቶ) ነው የምትሠራው። ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት አድርገው ይገጥሙት ነበር?

ስኳድራ (አዲስ አበባ)

ወለሉ ዘመም ካለና ማሽኑም ከተነቃነቀ፣ ለብቻው የሚቆም ጠረጴዛ በተነካ ቁጥር ከፍታው ይለያያል። ስለዚህ አንደኛው ጫፉ ማሽኑ ላይ ይታሰር፣ ሌላኛው ጫፉ በሁለት እግር ይቁም። ማሽኑ ሲዞር አብሮት ይዞራል።

ከጊዛው ጠረጴዛ ጀርባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለጋይዱ (እንጨቱ ተደግፎት ለሚገፋበት መሪ) ሐዲድ ተብለው የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። በነሱ ተጠቀም። አዲስ ቀዳዳ ካስፈለገህ በዝግታ በስተህ የብሎን ጥርስ አውጣለት፤ ጊዛ በመዶሻና በጉልበት ይሰነጠቃል፣ ብየዳም እንደ ተራ ብረት አይቀበልም። አንድ 50 በ50 ሚሊ አንጎላሬ እዚያ እሰር። አንጎላሬው ላይ የምትበሳቸው ቀዳዳዎች ወደ ላይና ወደ ታች ሞላላ ይሁኑ፤ ከፍታውን የምታስተካክለው በነሱ ነው። ገበታውን አንጎላሬው ላይ በሁለት ጠንካራ ብሎን ብታስረው፣ ሥራ ሲያልቅ ፈትተህ ታነሳዋለህ። በ4 በ6 ክፍል ውስጥ ይህ ብዙ ቦታ ይቆጥብልሃል።

ከመግጠምህ በፊት ግን ሞተሩን ተመልከት። ዲስኩን 45 ዲግሪ ስታዘነብል ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተርም አብሮ ይዞራል፣ ይነሳል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለህ ዲስኩን እስከ መጨረሻው አዘንብል፣ እስከ መጨረሻው ከፍና ዝቅ አድርግ፤ ሞተሩ የሚደርስበትን ሁሉ በሜትር ያዝ። እግሮቹም አንጎላሬውም ከዚያ ውጭ መሆን አለባቸው። ማብሪያ ማጥፊያውም ቢሆን በምንም አይሸፈን፤ ሁለት እጅህ እንጨት ይዞ ሳለ በጉልበትህ የምትደርስበት ይሁን።

ለእግሮቹ ከሥር ዳዶ (የብሎን እናት) አስበይድና ረጅም ብሎን አስገባባቸው። ብሎኑን በቁልፍ በማዞር ከወለሉ ጋር ታስማማዋለህ።

አሁን ከፍታው። ብዙዎች ገበታውን ከማሽኑ ጋር እኩል ለማድረግ ይደክማሉ። እኩል አታድርገው። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ዝቅ ይበል። ፀጉር ያህል እንኳ ከፍ ካለ እንጨቱ ፊቱን ይገጭና ይቆማል፤ እንጨት ዲስክ ላይ እያለ ከመቆሙ የከፋ ነገር የለም። 1 ሚሊ ዝቅ ማለቱ ግን አቆራረጡን አይነካውም። ወደ ማሽኑ የሚጠጋውን ጠርዝ ደግሞ በመላጊያ አዘንብለው፤ የጎበጠ ቀጭን እንጨት ሲመጣ ተንሸራቶ ይወጣል።

የማዕዘን መቁረጫው የሚሄድባቸውን ሁለቱን ቦዮች አትርሳ። ማሽኑ ላይ ስፋታቸው 19 ሚሊ፣ ጥልቀታቸው 9.5 ሚሊ አካባቢ ነው። ገበታው ላይ ስፋታቸውን ወደ 25 ሚሊ አድርገህ 30 ሳንቲም ያህል አስቀጥላቸው፤ ካልሆነ መቁረጫው ገበታው ጋር ሲደርስ ይገጫል።

ጀማሪ (ጅማ)

ጋሼ፣ እኔ ያለኝ እዚሁ አገር የተበየደ ሰርኩላር ነው። በአንጎላሬ ፍሬም ላይ ላሜራ፣ ከሥር ሞተርና ቺንጋ። ከዲስኩ ላይ ምንም መሸፈኛ የለም። ይህን ማራዘሚያ ለኔም ልግጠመው?

ስኳድራ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ላንተ ከማራዘሚያው በፊት ሌላ ሥራ አለብህ። ከዲስኩ ኋላ የሚቆም ስስ ብረት አሠራ። የተቆረጠው እንጨት መልሶ እንዳይገጥምና ዲስኩን እንዳይቆነጥጥ የሚለየው እሱ ነው። ዲስኩን በካሊፐር ለካ። ለምሳሌ ጥርሱ 3.2 ሚሊ፣ አካሉ 2.2 ሚሊ ከሆነ ብረቱ 2.5 ሚሊ ይሁን፤ ከአካሉ ወፈር፣ ከጥርሱ ቀጠን። ከጥርሶቹ ያለው ርቀት ከ3 እስከ 8 ሚሊ ይሁን፣ ቅርጹም የዲስኩን ዙሪያ ይከተል። ዲስኩ ከፍና ዝቅ ሲል አብሮት እንዲሄድ የዲስኩን ዘንግ ከያዘው ክፍል ጋር ይታሰር። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ያለ ሰው ይሠራልሃል። ከዚያ መሸፈኛ፣ ከዚያ ማራዘሚያ። ይህን ሳታደርግ ሙሉ ኤምዲኤፍ አትሰንጥቅ፤ እለምንሃለሁ።

ምላጭ (ሐዋሳ)

ስለ ሮለሩ እኅቴ ያለችው ገብቶኛል፤ የኔ ሮለሮች ለረጅም ሞራሌ ይሁኑ። ስለ ጎኑ ማራዘሚያስ? ሞራሌ ቀኙን 120 ሳንቲም ቢያስረዝመው የሚሻል ይመስለኛል፤ ሙሉውን ኤምዲኤፍ ለሁለት 122፣ 122 ለመቁረጥ ይሆነዋል።

ዋንዛ (ባሕር ዳር)

በዚህ አልስማማም። 122 ስፋቱን ለሁለት ለመሰንጠቅ ከዲስኩ እስከ ጋይዱ የሚያስፈልገው 61 ሳንቲም ነው። የቁም ሳጥን ጎን 60፣ የኩሽና ካቢኔት ጎን ከ55 እስከ 60 ነው። ስለዚህ ጋይዱ 65 ሳንቲም ድረስ ከሄደ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ለ120 ብሎ ግማሽ ክፍሉን ማጣት አያዋጣም።

244ቱን በመሀል ለመቁረጥ ግን ሰርኩላሩን ተዉት። ያኔ ጋይዱን የሚደገፈው 122 ጠርዝ ብቻ ነው፤ 244 የሚሰፋ ነገር ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ትንሽ ሲዞር ዲስኩን ይቆነጥጣል። ወለል ላይ ሞራሌ ደርድራችሁ፣ ቀጥ ያለ ቱቦላሬ በሞርሳ (በማጥበቂያ) አስራችሁ፣ በእጅ ሰርኩላር ቁረጡት። ግማሽ ግማሽ ከሆነ በኋላ ወደ ማሽኑ አምጡት። ያኔ ክብደቱም 20 ኪሎ ነው፤ አንድ ሰው ይበቃዋል።

ጎኑን ስትሠሩ ዋናው ገበታው ሳይሆን የጋይዱ ሐዲድ ነው። ገበታው ትንሽ ቢዘም እንጨቱ ይቆረጣል። ሐዲዱ ቢጎብጥ ግን ጋይዱ በየቦታው ሌላ ማዕዘን ይይዛል። አንድ ወጥ ቱቦላሬ ግዙ፣ ሱቁ ውስጥ ዓይናችሁን ጫፉ ላይ አድርጋችሁ ርዝመቱን እዩት፣ የተጣመመ ከሆነ መልሱት። ከገጠማችሁ በኋላ ማሽኑን ነቅላችሁ ከአንድ የዲስክ ጥርስ እስከ ጋይዱ ያለውን ከፊት ለኩ፤ ከዚያ ያንኑ ጥርስ በእጃችሁ ወደ ኋላ አዙራችሁ እንደገና ለኩ። እኩል መሆን አለበት፤ ከተለያየም ኋላው በወረቀት ውፍረት ይስፋ እንጂ በፍጹም አይጥበብ።

ሞራሌ (አዳማ)

የኋላው ተገጠመ። 110 በ90 ነው፤ ሣጥኑ ደርቆ ሲነሳ ሲባጎዎቹ መሀል ላይ ተነካክተዋል። አንጎላሬውን በነበሩት ቀዳዳዎች አሰርኩት፣ ከፍታውም 1 ሚሊ ተኩል ዝቅ ብሏል። እግሮቹን ከሞተሩ መዞሪያ ውጭ ለማድረግ ከማሽኗ 70 ሳንቲም አርቄያቸዋለሁ። ዛሬ ሙሉ ኤምዲኤፍ ለብቻዬ ሰነጠቅሁ፤ መጨረሻ ላይ ሳልይዘው ተኛ፣ ጠርዙም ንጹሕ ነው፤ ጥቁር መስመር የለም። ረዳቴ በዚያ ሰዓት መሳቢያ ሲገጥም ነበር። ጋሼ፣ እኅቴ ዋንዛ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ለጎኑ 65 ሳንቲም ወስጃለሁ። ቱቦላሬውን ነገ ነው የማየው። ፎርማይካው ላይ ግን ምን ልቀባበት? ጎረቤቴ የመኪና ማስዋቢያ ስፕሬይ ሰጥቶኛል።

ዋንዛ (ባሕር ዳር)

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ስፕሬዩን ተወው። አብዛኞቹ ሲሊኮን አለባቸው፤ ሲሊኮኑ ከገበታው ወደ እንጨቱ ይተላለፍና ቫርኒሽ ስትቀባ ክብ ክብ ቦታ እየተወ ይሸሻል። በብርጭቆ ወረቀት እንኳ ለማስለቀቅ ያስቸግራል። ተራ ነጭ ሻማ በገበታውም በጊዛውም ላይ ስስ አድርገህ አሽ፣ በደረቅ ጨርቅ እስኪያንሸራትት ወልውለው። ጊዛውንም ከዝገት ይጠብቅልሃል። እንጨቱ መክበድ ሲጀምር ድገመው።